ቦራን የዋሸሁበት እጅ

የረጠበ የቃጫ ገመድ የራሱ ሽታ አለው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም እንጂ፣ ገለባና ጭቃ ትንሽም የሰው ላብ የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ማለዳ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ፣ አንድ ጎረምሳ ውሻውን እየጎተተ፣ ኧረ ውሻው እሱን እየጎተተው፣ በአጠገቤ አለፈ። ውሻው ውኃ ገብቶ ወጥቷል፤ ገመዱ ይንጠባጠባል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ መዳፌን አቃጠለኝ። እውነቴን ነው፤ አፍንጫዬ አሸተተና መዳፌ ተቃጠለ። ልጁን "እጅህን አላላው፣ የምትወጥረው አንተ ስለሆንህ ነው የሚጎትትህ" ልለው አፌን ከፍቼ ተውሁት። ይች አሮጊት ስለ ውሻ ምን ታውቃለች ይለኛል ብዬ ነው።

አንተ ግን ከጠየቅኸኝ ልንገርህ።

ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ዛሬ እንደምታያት አልነበረችም። ጊዮርጊስ ደብሩ፣ በዙሪያው ጥቂት የሣር ቤቶች፣ ከዚያ ወዲያ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልና ውኃ ነው። ጣልያን ከገባ በኋላ ከሐይቁ ዳር ድንኳንና የቆርቆሮ ቤት ተተከለ፤ ጠዋት መለከት ይነፋል፤ ወደ ማታ ወታደሮቹ ገላቸውን ሊታጠቡ በደጃችን አልፈው ውኃ ይወርዳሉ። አባቴን ከዚያ በፊት ወባ ወስዶት ነበር። እናቴ ጨውና በርበሬ እየቸረቸረች ገበያ ለገበያ ትዞራለች፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ፤ እኔን ደግሞ ቦራ ይጠብቀኛል።

ቦራ ውሻዬ ነው። ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ቡችላ ሳለ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ፣ ደንገል ውስጥ ተጥሎ አገኘሁትና በቀሚሴ ጠቅልዬ አመጣሁት። አድጎ ወገቤ ድረስ ደረሰ። ወታደሮቹ ሲያልፉ አጥሩ ሥር ይቆምና ሳይጮኽ ከጉሮሮው ብቻ ያጉረመርማል። በዚያ ድምፅ ምክንያት አንድም ወታደር አጥራችንን ተደግፎ ቆሞ አያውቅም። እናቴ "እሱ ባይኖር አንቺን ትቼ አንድ እግር አልራመድም ነበር" ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ በገበያው መካከል የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ አንድ አስካሪን፣ ለጣልያን የተቀጠረ ወታደር ማለቴ ነው፣ ባቱን ዘነጠለው። በማግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመ። የጣልያኑ አስተርጓሚ በርሜል ላይ ወጥቶ አዋጁን አሰማ። ውሻ ያለው ሁሉ በሦስተኛው ቅዳሜ ውሻውን በገመድ ይዞ በካምፑ ፊት ይቅረብ። ባለቤቱ ሊይዘው ያቃተው ውሻ፣ ሰው ላይ የዘለለ ውሻ፣ ሳይቀርብ የቀረም ውሻ፣ በጥይት ይመታል።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ውሻ እንደ በቅሎ ይሳባል እንዴ? በእኛ አገር ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይለቀቃል፤ ከዚያ በላይ ከሰው ጋር ጉዳይ የለውም። እንዲከፋለት ብሎ በርበሬ የሚያበላው ነበር፤ ጆሮውን የሚቆርጠውም ነበር፤ ከጎኑ እንዲራመድ ያስተማረ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሳቁ ቆመ። ከጓሮ ስመለስ እናቴን ከቦራ ፊት ቁጢጥ ብላ ስታየው አገኘኋት።

እኔም በማግሥቱ ሞከርሁ። የቃጫ ገመድ አንገቱ ላይ አስሬ ሳብሁት። ቦራ መጀመሪያ በጀርባው ተንጋለለ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ተፈተለከ። ገመዱ መዳፌን ልጦት ሄደ።

በዚያው ሰዓት የቅኔው ተማሪ በአጥራችን ላይ ብቅ አለ። ከየኔታ እግር ሥር ቅኔ የሚማር፣ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ የልመና ቁራሹን የሚይዝበት አኮፋዳ በትከሻው አንጠልጥሎ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ በየደጁ ይዞራል። ውሻና የቆሎ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ ደመኞች ናቸው፤ ያን ደበሎ ያየ ውሻ ሁሉ ያብዳል። ይኸኛው ግን በትሩን አንሥቶ አያውቅም። ቦራ ሲመጣበት በጎኑ ዞሮ ይቆምና፣ ሥራ እንደሌለው ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል። ቦራም ደበሎውን አሽትቶ ይተወዋል።

የተላጠ መዳፌን አየና "ገመዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?" አለኝ።

"በሦስተኛው ቅዳሜ ሊገድሉት ነው" ብዬ አለቀስሁ።

እናቴ ቁራሽ ይዛ ወጣች። "ተሜ፣ አንተስ ከውሻ ጋር ስትታገል የኖርህ፣ መላ የለህም?" አለችው።

ቁራሹን ተቀብሎ ግማሹን አኮፋዳው ውስጥ ከተተ፤ ከቀረው ቆንጥሮ፣ ረጥቦ ለተመለሰው ቦራ ወረወረለት። "ውሻው ምን አጠፋ? መማር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ" አለ። "ደፍሮ የሚማር ካለ ነገ ማለዳ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይምጣ።"

በማግሥቱ ከነውሾቻችን ዐሥር የምንሆን ሰዎች ተሰበሰብን። ጉም ሐይቁን ሸፍኖ እስከ ዋርካው ወጥቶ ነበር። ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች አይታዩም፤ ሲያወሩ ግን ጆሮህ ሥር ያሉ ይመስልሃል። ዛሬ ያን ሦስት ሳምንት ሳስበው ሁሉም ማለዳ በዚያ ጉም ውስጥ ያለፈ ነው የሚመስለኝ። ሰዎቹ ከወገባቸው በታች አይታዩኝም፤ ውሾቹማ ከነጭራሹ የሉም፤ ገመድ ይዘው ጉሙን የሚስቡ ሰዎች ብቻ ናቸው። ምናልባት ጉሙ አንድ ቀን ብቻ ይሆናል የነበረው። እኔ እንጃ።

ተማሪው ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ ባቱን አሳየን። ጠባሳ በጠባሳ ነበር።

"ይኸ የደብረ ታቦር ነው፤ ይኸ የዳንግላ፤ ይችን ትንሿን የሰጠችኝ የቄስ ውሻ ናት" አለ። ሰው ሳቀ። "ዐሥራ አንድ ዓመት ለምኛለሁ። ቅኔን ከየኔታ ተማርሁ፤ ውሻን ከውሻ ተማርሁ። ሳይናገር የነከሰኝ ውሻ የለም። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።"

ከዚያ አነጋገራቸውን ያስተምረን ጀመር። ጆሮው ወደ ኋላ ከተኛ ፈርቷል። ደጋግሞ ካዛጋ እንቅልፉ መጥቶ አይደለም፣ ጨንቆታል። ጭራውን የሚቆላ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ሰውነቱን አድርቆ ጭራውን ብቻ የሚያነቃንቀውን ተጠንቀቁት። ፊት ለፊት ዓይን ዓይኑን እያዩ መምጣት ጠብ መፈለግ ነው፤ ሰው እንኳ አይወደውም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦራ ጋር ኖሬ ይኽን ሁሉ አላየሁም ነበር። አፈርሁ።

"እሺ፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?" ብሎ ጠየቀን።

የመለሰው ሰባታሚት ከሚባለው መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ጅብ ገድሏል እየተባለ የሚወራለት ቀይ ውሻ ነበረው። "ውሻው ሲጮኽ ድንጋይ አንሥቼ እለዋለሁ። እንግዳዬን አስከብራለሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?" አለ።

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ወጉ እንዲያ ነው። እንግዳ ደጅህ ቆሞ ውሻህን ካልወገርህለት ንቀኸዋል ማለት ነው።

"ድንጋዩ ሲያርፍበት ውሻው ምን የሚል ይመስላችኋል?" አለ ተማሪው። "ጌታዬ እንግዳ አክባሪ ነው አይልም። ይኸ ሰውዬ ሲመጣ ድንጋይ ይዞብኝ ይመጣል ነው የሚል። እናንተ እንግዳ ባከበራችሁ ቁጥር እሱ እንግዳ እየጠላ ይሄዳል። ድንጋዩን ተዉት። ስሙን ጥሩት፣ ወደ እናንተ ሲመለስ አንድ ጉርሻ ስጡት፤ እንግዳ ሲመጣ ጉርሻ ይመጣል ይበል።"

እያንዳንዱ የወረወረውን ድንጋይ ሳያስብ አልቀረም። ገበሬው ግን ፊቱ ጠቆረ። "አባቴ ሲወረውር ነው የኖረ። ደግሞ ብሎ ብሎ ለማኝ ወግ ያስተምረን?" ብሎ ቀዩን ውሻ እየጎተተ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ጎረቤታችን ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ ግን አንድ ቀን አልቀሩም። እስላም ናቸው። የሚያደርቁትን ዓሣ የምትጠብቅላቸው ግራጫ ሴት ውሻ ነበረቻቸው፤ የውሻ ምራቅ የነካቸው እንደሆነ ሰባት ጊዜ መታጠብ ስላለባቸው በእጃቸው ነክተዋት አያውቁም። "ወላሂ እወዳታለሁ፤ ግን በሩቁ ነው" አሉ ለተማሪው።

"እርስዎ በሩቁ ይውደዷት፤ ለእሷም ይበቃታል" አላቸውና ገመዱን ከረዥም የታንኳ መቅዘፊያ ጫፍ ላይ አሰረላቸው። እሳቸው በድምፃቸው ብቻ አስተማሯት። ከእኛ ሁሉ በፊትም የገባት የእሳቸዋ ናት። በአንዱ ማለዳ ደስ ብሏት እጃቸውን ላሰቻቸው። ሽማግሌው እያጉረመረሙ፣ እየሳቁም፣ ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ አንዱን በአፈር፣ የቀረውን በውኃ ሲታጠቡ እኛ ከዋርካው ሥር ሆነን እስከ ሰባት ጮኸን ቆጠርንላቸው።

ቦራ ኃይለኛ ስለነበረ ተማሪው እኔን ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ያስቀረኝ ነበር። ፀሐይ ጉሙን ስታነሣው ውኃው ወለል ይላል፤ የደንገሉ ሽታ ይመጣል።

"ውሻ ሲጠራጠር ሰውዬውን ብቻ አያይም፤ አንቺንም ያያል" አለኝ። "ምን ላድርግ ብሎ መጠየቁ ነው። መልሱን በእጅሽ ስጪው።"

ቀኝ እጄን ጨብጬ ደረቴ ላይ ካደረግሁ፣ ከእኔ አትራቅ፣ ይኸን ሰው አላምነውም ማለት ነው። መዳፌን ዘርግቼ ወደ መሬት ዝቅ ካደረግሁ ደግሞ፣ ይኸ ሰው ደግ ነው፣ አትፍራው፣ እሺ በለው ማለት ነው። ተማሪው ራሱ እየሄደ እየመጣ አለማመደን። አንዴ ክፉ ይሆናል፣ አንዴ ደግ ይሆናል፤ ደበሎውን ገልብጦ ይለብሳል፣ እያነከሰ ይመጣል፣ እየዘፈነ ይመጣል። ደግ ሲሆን ሁልጊዜ ከእጁ ቁራሽ አይጠፋም፤ ከራቱ የቀነሰው ነው። ሰው "ቅኔውን ትቶ የውሻ መምህር ሆነ" እያለ አላገጠበት፤ የኔታም ጠርተው ተቆጡት አሉ። እሱ ግን ማለዳ ማለዳ ከዋርካው ሥር አልጠፋም።

በሦስተኛው ሳምንት ቦራ ገመዱ ላልቶ ከግራ ጎኔ ይሄድ ጀመር። ስቆም ይቆማል። አንድ ነገር ሲያጠራጥረው ቀና ብሎ እጄን ያያል። ያን ቀና ማለቱን ምን ብዬ ልንገርህ! በሕይወቴ ብዙ ሰው አይቶኛል፤ እንዲያ አድርጎ ያየኝ ግን የለም።

ተማሪው የዚያን ቀን "አንድ ነገር ብቻ" አለኝ። "በዚች እጅ አትዋሺው። ክፉውን ደግ ነው ብትይውም አምኖሽ ይሄዳል።"

"ማርያምን፣ አልዋሸውም" አልሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ከካምፑ ፊት ባለው ሜዳ ተሰለፍን። የካምፑ አዛዥ፣ ጣልያኑ ካፒቴን፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ ቆሟል፤ ከጎኑ አስተርጓሚውና ጠመንጃ የያዘ አስካሪ። ገበያተኛው ሁሉ ገበያውን ትቶ ሊያይ መጥቷል፤ ተማሪውም ከመካከላቸው ነበር። ታንኳ ሠሪው መቅዘፊያቸውን እንደ ጦር ይዘው፣ ግራጫዋን ከጫፉ አስከትለው ሲያልፉ ካፒቴኑ ሳቀ፤ በእጁ እለፉ አላቸው። ሌላውም አለፈ፤ ሌላዋም አለፈች። ከዋርካው ሥር የተማረ አንድም ሰው አልወደቀም።

ከእኔ ፊት የነበረው ያ ገበሬ ነው። ቀዩ ውሻ ካፒቴኑ ላይ ጮኸ። አልዘለለም፤ ጮኸ ብቻ። ያን ጊዜ ገበሬው ጎንበስ አለና ድንጋይ አነሣ። ክፋት አልነበረውም። ሹም ፊቱ ቆሟል፣ ውሻው ሹሙን ደፈረ፤ ማስከበሩ ነው። ድንጋዩ ጎኑን ሲመታው ቀዩ ውሻ ድንጋይ ይዞብኝ መጣ ያለው ሰው ላይ ተወረወረ፤ የካፒቴኑን እጅጌ ይዞ ተረተረው። አስካሪው ተኮሰ።

ገበሬው ገመዱን እንደያዘ ቀረ። "እኔኮ ላስከብርዎ ብዬ ነው፣ ጌታዬ! ላስከብርዎ ብዬ ነው!" ይላል ደጋግሞ። አስተርጓሚው አልተረጎመለትም።

ተራው የእኔ ሆነ። ጆሮዬ ጭው ብሎብኛል። ቦራ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አልሸሸም፤ ቀና ብሎ እጄን አየ። ጨብጬ ደረቴ ላይ አደረግሁለት። እግሬ ሥር ተቀመጠ። ካፒቴኑ የተቀደደ እጅጌውን ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀና ሲል ዓይኑ ቦራ ላይ አረፈ። ጥይት ተተኩሶ፣ ደም እየሸተተው፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ውሻ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አለው።

"ካፒቴኑ ውሻውን ወድዶታል" አለኝ አስተርጓሚው። "ይወስደዋል። ገመዱን ስጪው።"

"የቤታችን ጠባቂ ነው" አልሁ። "እኔና እናቴ ብቻ ነን።"

"ስጪው፣ እኅቴ። ከዚህ የባሰ አታምጪ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ካፒቴኑ ገመዱን ከእጄ ወሰደ። የቦራ ጀርባ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ፤ ከጉሮሮው ያ ድምፅ ጀመረ። አስካሪው ጠመንጃውን አቀባበለ። ቦራ ወደ እኔ ዞረና እጄን አየ። ጡጫዬ አሁንም ደረቴ ላይ ነው። እንደጨበጥሁ ብቆይ ይዘላል፤ ከዘለለ ከቀዩ ውሻ አጠገብ ይወድቃል። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ ዛሬም ድረስ ፈልጌ አላገኘሁም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታሁ። መዳፌን ዘርግቼ ወደ መሬት ዝቅ አደረግሁ። ይኸ ሰው ደግ ነው፣ አትፍራው፣ እሺ በለው።

ጠጉሩ ወዲያው ተኛ። እንዲህ ነበር የሚያምነኝ። ገመዱ ላልቶ፣ እኔ ባስተማርሁት አረማመድ፣ ከሰውዬው ግራ ጎን ሆኖ ወደ ካምፑ ገባ።

ተማሪው መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ዋሸሁት" አልሁት።

"አየሁ" አለኝ። ገበሬው ቀዩን ውሻ ተሸክሞ መነሣት አቅቶት ነበርና፣ ሄዶ በአንድ ወገን ያዘለት። ሁለቱ ተሸክመውት ወደ ሰባታሚት መንገድ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ገበያ ስትሄድ እኔንም ታስከትለኝ ጀመር። ካፒቴኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦራን ይዞ በሐይቁ ዳር ይንሸራሸራል። እኔም ከዋርካው ግንድ ጀርባ ቆሜ አያቸዋለሁ። አቋቋሙን የመከረኝ ተማሪው ነው። "ነፋሱ ከእነሱ ወደ አንቺ ሲነፍስ ብቻ ቁሚ። ካሸተተሽ በጥሶ ይመጣል፤ ከመጣ ይተኩሱበታል" ብሎኛል። ስለዚህ በየምሽቱ ጣቴን አርጥቤ ነፋሱን እለካለሁ። ከገዛ ውሻዋ የምትደበቅ ሴት ሰምተህ ታውቃለህ? ውኃው ወርቅ ይሆናል፤ ጥላቸው ረዝሞ ደንገሉ ድረስ ይደርሳል። ቦራ ወፍሯል፣ ጠጉሩ ያበራል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንገበግበኝም ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ምሽት ነፋሱ ሳላስበው ዞረ። ቀሚሴ ወደ እነሱ ሲውለበለብ ነው ያወቅሁት። ቦራ ቆመ። አንገቱን ቀና አድርጎ አፍንጫውን ወደ ዋርካው አዞረ። አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ። ካፒቴኑ ገመዱን ሳበው፤ ቦራ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ሳበው። ቦራ ግንዱን ትክ ብሎ ያያል፤ እዚያ መሆኔን አውቋል፤ የሚጠብቀው እጄን ነው። አንድ ጣት ባሳየው ይመጣል። ትንፋሼን ውጬ ከግንዱ ጋር ተጣበቅሁ። ቆየ፣ ቆየና ዞሮ ሄደ።

በሳምንቱ ካፒቴኑ በጀልባ ወደ ጎርጎራ ተሻገረ፤ ቦራም አብሮት ሄደ። ተማሪውም በዚያው ዓመት ሌላ መምህር ፍለጋ ወጣ። የሁለቱንም ወሬ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ይኽን ያወራሁለት ሰው ሁሉ "እሰይ፣ እንኳን አዳንሽው" ይለኛል። እውነት ነው፣ አድኜዋለሁ። ግን ብቻዬን ስሆን ያች ምሽት ትመጣብኛለች። ምነው በዚያች ምሽት እንኳ እንቢ ብሎኝ በጥሶ ወደ እኔ በሮጠ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ፣ እንኳን አልሮጠ እላለሁ።